አፍሽን ክፈቺ

መጀመሪያ የወደቀው ራዶቫን ነው።
ማክሰኞ ማታ ከመርከብ ማደሻው ገባና፣ ጫማውን እንኳ ሳይፈታ
ወለሉ ላይ ተዘረጋ፤ «ንጣፉ እንዴት ይቀዘቅዛል!» አለ በደስታ።
ሳቅሁበት።
ሐሙስ ተራው የእኔ ሆነ፤
አጥንቴ እንደ እርጥብ እንጨት፣ ሳይነድ፣ ከውስጥ በጢስ ታፈነ።

ሃይፎንግ ክረምቷ ገብቷል፤ ሞቃት ዝናብ፣ የሾርባ ዓይነት፤
ግድግዳው ያልበዋል፣ ልብስ አይደርቅም፣ ዳቦ ይሻግታል በአንድ ሌሊት።

ልጆቹ ግን ደህና ነበሩ። የከፋውም ይኸው ነው፤
ሁለቱም ጤነኛ፣ ሁለቱም ርሃብተኛ፤ የሚያያቸው ማነው?
ማቱሽ፣ ሁለት ዓመቱ፣ ያባቱን ጫማ ሩዝ ይሞላል፤
ይደፋዋል፤ ደግሞ ይሞላል።
ብላንካ፣ አምስት ዓመቷ፣ ወንበር ስባ ብስኩት አወረደች፣
«አንድ ላንተ፣ አንድ ለነገ» እያለች አካፈለች።
ለነገ!
እኔ ነገን መች አስተማርኋት?

እናቴ ኮሺትሴ ናት። እዚያ ገና አልነጋም። ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል።
ብታነሳስ? በስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ግንባር በምን እጅ ይዳበሳል?

ከታች ካለችው ከወይዘሮ ኛን ጋር ተኳርፈናል፤
በጫማ። ደረጃው ላይ በምንተወው ጫማ።
እሷ በቋንቋዋ፣ እኔ በቋንቋዬ፣ አንዲት ቃል ሳንሰማማ
አጥጋቢ ስድብ ተሰዳድበናል።

ብላንካ ወርዳ የሷን በር አንኳኳች።
ምን እንዳለቻት አላውቅም፤ ከመዋዕለ ሕፃናት የለቃቀመችውን
አንድ ባንድ አውጥታ ደርድራ ይሆናል ያላትን።
ብቻ ደረጃው ላይ የነጠላ ጫማ ኮቴ ሰማሁ፤
ያቺ ነገረኛ፣ በእጇ የሩዝ አጥሚት፣ ከኋላዋ ሐኪም።

ሐኪሙ ይጠይቃል። ከወገቡ የማትደርስ አስተርጓሚ
መሐላችን ቆማ፣
«ከዓይንሽ ጓሮ ያምሻል ወይ ይልሻል፣ እማማ።»
ከዓይኔ ጓሮ!
አዎ በይው፣ እዚያ ነው፤
ከዓይኔ ጓሮ ነው እሳቱ የሚነደው።

«ደንጊ» አለ። ይህስ ያለ አስተርጓሚ ገባኝ።
ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ረጅም ነገር ተናገረ፣
አንዴ ወደኔ፣ አንዴ ወደ ራዶቫን እየጠቆመ።
ብላንካ ሰማችው። ምራቋን ዋጠች።
«ውኃ ጠጡ ይላችኋል» አለች።
ይኸው ብቻ?
«ይኸው ብቻ።»

ሌሊት የእጅ ባትሪ ይዛ መጣች።
«አፍሽን ክፈቺ።» ከፈትሁ። ድዴን አየች፣ አፍንጫዬን አየች፣
ወዳባቷ ዞረች፤
«አፍህን ክፈት።»
ሐኪም ሐኪም መጫወት በዚህ ሰዓት! ብለን ተቆጣናት።
ሄደች። ተመለሰች።
«አፍሽን ክፈቺ።»
ሦስት ሌሊት።

ዳንን። ፀጉሬ ረገፈ፣ ደግሞ በቀለ፤ ራዶቫን ቀበቶው ላይ ሁለት ቀዳዳ ጨመረ።
ጫማችን አሁንም ደረጃው ላይ ነው። ወይዘሮ ኛንም ጩኸቷን አልተወችም፤
አሁን ስድቡ ስለሚገባኝ ግን እንደ ድሮው አልናደድም።

ቋንቋው ምላሴ ላይ መላላት ሲጀምር፣ በዓመቱ፣
እሷ ዘንድ ዓሣ እየከተፍን ጠየቅኋት፤
ያን ቀን ሐኪሙ ያን ሁሉ ያወራው ምን ነበር?
ቢላዋዋን አስቀመጠች።
«ከድዳቸው ወይ ካፍንጫቸው ደም ከታየ
ንጋት እንዳትጠብቁ፤ በሌሊቱ ይምጡ፤ ሲነጋ አይደርሱም።
ለልጅቷ፣ ካየሽ ነይ ቀስቅሺኝ አልኋት።
ሦስት ሌሊት በሬን አልቆለፍሁም።»
ቢላዋዋን አነሳች። ዓሣው አላለቀም ነበር።

ብላንካ አሁን ስድስት ሞልቷታል።
ትናንት ማታ የፊት ጥርሷ ወልቆ
በመዳፏ ይዛ መጣች፤ አፏን ከፈተችልኝ፤
ድዷ ላይ ቀይ ነገር አየሁ።
ምን ሆኜ እንደሆነ እንጃ፣ ፊቴን አይታ
እጄን ያዝ አደረገችና፣
«አይዞሽ፣ እማማ» አለችኝ፤
«ያኛው ደም አይደለም።»